መሬት የተቀመጡ ሽማግሌዎች

አርፋ የተቀመጠች ጣት ጥንብ ጠንቁላ መጣች ይባላል። ያቺ ጣት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር በሚያለቅስበት ዕድሜ፣ ስሜን እንኳ ጽፌ የማላውቅ ሴትዮ፣ ለነጋዴና ለጠበቃ አስተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ያውም የማስተምረው ሽምግልና ነው። አገሬ ብሆን ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ ከጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ነበር የምልከው እንጂ አፌን አልልክም ነበር። ኦስሎ ግን ሽማግሌ ጠፋና ተራው ለኔ ደረሰ። ምን አግብቶሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቢኖርም አልሰማውም ነበር።

የምንኖረው ሃውገሩድ፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ ካሉት ፎቆች አንዱ ላይ ነው። ምራቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሦስታችን ነው፤ የኔ፣ የልጄና የልጅ ልጄ። ልጄ ሄልስፊር ያሉትን ቢሮዎች የሚያጸዳ ድርጅት ውስጥ ተቆጣጣሪ ነው። የልጅ ልጄ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ሕግ ተምራ፣ አንድ ኮሎምቢያዊ ጠበቃ ጋ ሥራ ያዘች። እዚያ ሥራ ላይ ከአንድ የቺሊ ጎረምሳ ጋር ተዋወቀች። ሥራ ግቢ ብንላት ባል ይዛ ወጣች።

ጎረምሳውን እኔ ወድጄዋለሁ። ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ይስማል፤ ማን እንዳስተማረው አልናገርም። ካቶሊክ መሆኑን ደግሞ ለቄሱ ትቼዋለሁ፤ እሳቸውም ሥራ ያስፈልጋቸዋል። ጣጣው ሌላ ነው። በመጪው መኸር እናቱ አገር፣ ቺሊ፣ ለሥራ ሊሄድ ነው፤ አግቢኝና አብረን እንሂድ ብሏታል። እሷም ልቧ ከሄደ ቆይቷል። ግን "አባዬ ካልመረቀኝ ንቅንቅ አልልም" አለች። አባቷ ይሄን ሲሰማ እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ፤ አፉን ዘጋ። አንድ ልጁ ናት። እሷ ከሄደች ቤቱ ውስጥ የሚቀሩት እሱና እኔ ነን፤ እኔን ደግሞ ለብቻው ማን ይችለኛል?

እሷም ኩርፊያውን በኩርፊያ መለሰችለት። መሃል ላይ እኔ ፖስታ ቤት ሆንኩ። አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሱ "እማዬ፣ የክፍሏን መብራት ታጥፋ በያት" ይላል። እሷ "እማማ፣ አጥፍቻለሁ በይው" ትላለች። እኔም እጄ አያርፍ፣ አንዳንዴ ነገር ጨምሬ አደርሳለሁ። ሾርባው ጨው የለውም በያት ሲለኝ፣ አባትሽ እጅሽ ይባረክ ይላል እላታለሁ። እሱ እዚያው ሆኖ ይሰማኛል፤ ግን ላርምሽ ካለ ማውራቱ ነውና ዝም ይላል። እንዲህ እያደረግን ስንት ሳምንት ሾርባ ጠጣን።

አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጄ ላምበርትሴተር፣ አንዲት ሴትዮ ቤት ምሳ ወሰደችኝ። ሴትየዋ የጎረምሳው አገር ሰው ናት። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ተሰዳ መጥታ፣ ቢሮ እየጠረገች ጀምራ፣ ዛሬ የጽዳት ድርጅት ባለቤት ሆናለች። ልጄን የምታሠራው እሷ ናት። ልጄ ስሟን ሲያነሳ እንኳ ሳያስበው ኮቱን ይቆልፋል። ጠበቃውም እዚያ ነበር፤ የልጅ ልጄ አለቃ፣ ሽበታም፣ ደህና ዋልሽ ለማለት ማስረጃ የሚያቀርብ ሰውዬ። ሦስተኛው ፔሩአዊ ነው፤ ጥቁር ጺም አለው፣ ጎረምሳው የሚሠራው ከሱ ጋር ነው። የሱ ሥራ ውሃና ደን እንዳይነካ መጠበቅ ነው። ያን ሰሞን ሦስቱም ገጥመው፣ አንድ የማዕድን ድርጅት ቆሻሻውን ፊዮርድ በሚሉት የባሕር ሰርጥ ውስጥ፣ እዚያ ዓሣው ቤት፣ እንዳይደፋ ይሟገቱ ነበር። ጠበቃው በፍርድ ቤት፣ ሴትየዋ ነጋዴዎቹን እያሳመነች፣ ባለ ጺሙ ደግሞ መኪናዎቹ ፊት መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ። ፖሊሶች ተሸክመውት ሲሄዱ የተነሳው ፎቶ ሴትየዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሏል።

ምሳው ላይ ሲጯጯሁ የተጣሉ መስሎኝ ቦርሳዬን አነሳሁ። የልጅ ልጄ ሳቀችብኝ፤ ጨው አቀብለኝ እየተባባሉ ነው አለች። ሦስቱም መሪ ናቸው፤ ተመሪ የላቸውም። ወደድኳቸው።

ጣቴ የተነሳችው ይሄኔ ነው። ይሄ ጎረምሳ ሰው የለውም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አባቱ ሞቷል፣ እናቱ ቺሊ ናት አሉኝ። "ታዲያ እናንተ ምኑ ናችሁ? ሽማግሌ ሆናችሁ ልጄ ፊት ቁሙለት እንጂ" አልኳቸው። ሽምግልናን በኖርዌይኛ ማለት ስላቃተኝ የልጅ ልጄ እያፈረች ተረጎመችላቸው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ እነሱ እንዲህ ጸጥ ብለው አይታ እንደማታውቅ በኋላ ነገረችኝ።

በሉ ስሙ፣ የሚመጣው ሳምንት እሁድ ትመጣላችሁ ብዬ አስተማርኳቸው። ስትገቡ ተቀመጡ ትባላላችሁ፤ ጉዳያችሁ ሳይሰማ አትቀመጡም። ልጅዎን ለልጃችን ብላችሁ ትለምናላችሁ። አባት ወዲያው እሺ አይልም፤ እንመካከርና ሌላ ቀን ተመለሱ ይላል። ያ ክብር ነው፤ ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ። ጠበቃው ቀጠሮው ስንቴ እንደሚሰጥና ይግባኝ የት እንደሚባል ጠየቀኝ። ይግባኝ ለኔ ነው አልኩት። ባለ ጺሙን ለሽማግሌነት ሽበት ያንስሃል፣ ዱቄት ልነስንስብህ ብለው፣ ከምሩ አንገቱን ሰጠኝ። ሴትየዋን ግን ለይቼ ነገርኳት።

"እሁድ ዕለት አለቃ አይደለሽም። ለማኝ ነሽ።"

"እማማ፣ ድርጅት ያላት ሴት ሥራዋ ምን ይመስልሻል?" አለችኝ። "ጠዋት ባንክ እለምናለሁ፣ ከሰዓት ደንበኛ እለምናለሁ።"

ሥራ ቦታ ስታገኚው ለልጄ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ አልኳት። ኖርዌይ ውስጥ ሳይነገረው ሰው ቤት አይኬድም ብላ ተጨነቀች። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ድንገት ነው የሚመጣው ብዬ ዋሸኋት። ድንገቱን የፈለግኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ ሲደነግጥ ማየት ከልጅነቱ ጀምሮ ደስ ይለኛል። "ያ፣ ያ" አለችኝ። ያቺ የኖርዌይ "ያ" እሺ ትሁን እሰማሻለሁ ትሁን እስከ ዛሬ አትለይልኝም።

ቤት ስመለስ ደግሞ የሴት ልጅ ወገን ነኝ። በሁለት ቢላ መብላት ማለት ይሄ ነው።

ዓርብ ማታ ልጄ ሰማያዊ መቀመጫ ያላቸው ወንበሮች ተሸክሞ ገባ። ምንድን ናቸው ስለው ለማኅበር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እወስዳቸዋለሁ አለኝ። ሆዴ በራሴ ተንኮል ሞልቶ ስለነበር የሌላው ሰው ተንኮል መግቢያ አልነበረውም። እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ወንበሮቹ ሳሎን ተደርድረው አየሁ፤ ረስቷቸው ሄዶ ነው ብዬ ተውኩት። እሱም ሙሉ ልብሱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ስልኩን ያገላብጣል።

ደወሉ ሲጮህ፣ ሲደነግጥ ላየው ከኋላው ተደብቄ ቆምኩ። በሩን ከፈተ። አለቃው፣ ጠበቃውና ባለ ጺሙ ተደርድረዋል። አልደነገጠም። ግቡ አለ። ድንጋጤው ውስጥ ውስጡን ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ኖርዌይ ነውና ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ሽማግሌ በካልሲ አይቼ አላውቅም። የጠበቃው ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብላለች፤ ያን ሁሉ ሙግት የሚረታ ሰውዬ አንዱን እግር በአንዱ ሲሸፍን ዋለ። ጽጌረዳ ይዞ መጥቷል። ባለ ጺሙ ዝናብ እየወረደበት በቢስክሌት መጥቶ፣ ውሃው ገና ከጺሙ ተንጠባጥቦ ሳያልቅ አበባው ላይ ተነሳበት። ከአፍሪካ በአውሮፕላን የመጣ አበባ አየሩን በክሎ ነው የሚመጣው አለ። "እኔም ከአፍሪካ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት፤ ልመለስ?" አልኩት። አበባውን ራሱ ተቀብሎ ውሃ ውስጥ ከተተው።

ተቀመጡ ሲባሉ፣ እንዳስተማርኳቸው አንቀመጥም አሉ። ልጄ ወንበሮቹን አየ፣ እነሱን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ጠበቃው ለመነ። ጎረምሳው ሥራው ምን እንደሆነ፣ ጠባዩ እንዴት እንደሆነ ተናገረ፤ ምስክር ካስፈለገ እንደሚያቀርብም ጨመረበት። ሴትየዋ አጭር ነው የተናገረችው፤ እናቱ እዚህ ብትሆን እሷ ነበረች የምትቆመው አለች። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ አባቱ ያደርገው እንደነበረው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በኖርዌይኛ፣ እናያለን፣ ተመካክረን እንነግራችኋለን አለ። እኔ በልቤ እሰይ አልኩ። ሁሉ ነገር በወጉ ሄደልኝ።

ትምህርቴ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ ያልኩትን ሁሉም ረሱት። ጠበቃው ስልኩን አውጥቶ ቀኑን ቁረጥልን አለ። ሴትየዋ ፊቷ ጠቆረ፤ በንግድ ቤት እንነግራችኋለን ማለት ሁለተኛ አትምጡ ማለት ነው። የባሰው ባለ ጺሙ ነው። ያቺ "እናያለን" የምትለው ቃል፣ ስለ ፊዮርዱ በጠየቀ ቁጥር ባለሥልጣኖቹ የሚመልሱለት ቃል ናት። እስከ በሩ ድረስ እሺ ብሎ ወጣ። ደጁን እንደተሻገረ፣ ጫማውን ሳያደርግ፣ የእግር መጥረጊያችን ላይ ቁጭ አለ። መልስ ሳልሰማ አልነሳም አለ። ሴትየዋ እሱን አየችው፣ እኛን አየችን፣ ያን የመሰለ ካፖርቷን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ጠበቃው ደረጃው የነዋሪው ሁሉ መሆኑን፣ የቦረትስላጉ፣ የቤት ማኅበራችን፣ ደንብም መንገድ መዝጋት እንደሚከለክል አስረዳቸው። አስረድቶ ሲጨርስ እሱም ተቀመጠ። አውራ ጣቱ ብቻ ቀና ብላ ቀረች።

ፊት ለፊታችን የምትኖረው ኖርዌያዊት ባልቴት ቆሻሻ ልትጥል ወጣች። አየቻቸው። ከላያቸው ተራምዳ ወረደች።

ልጄን ላብ አጠመቀው። ለነሱ ይሄ ሰልፍ ነው። እኛ አገር ግን ሰው ደጅህ ላይ ተቀምጦ ሲለምንህ ደጅ ጠና ነው የሚባለው፤ በር ዘግተህበት ሾርባህን አትጠጣም። ያውም ደጅ የምትጠናው ሥራ የሰጠችህ ሴትዮ።

"እማዬ፣ ይሄን ማነው ያስተማራቸው?" አለኝ በአማርኛ።

"እኔ መቆሙን ነው ያስተማርኩት" አልኩት። "መቀመጡን ይዘውት የመጡት ነው።"

ጎንበስ ብሎ ሴትየዋን ተነሺ እባክሽ፣ ወለሉ ይበርዳል አላት።

"ቀዝቃዛ ወለል አብሬው ነው ያደግኩት" አለችው። "ነገ አለቃህ ነኝ፤ ዛሬ የዚያ ልጅ እናት ነኝ። እምቢ ብትለኝም ነገ ደህና አደርክ እልሃለሁ። ግን ንገረኝ።"

ልጄ ቀና አለ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የልጅ ልጄ ከክፍሏ ወጥታ ቆማ ነበር። አያትና "አገሩ ይበርዳል?" አለ።

እኔ ለምዶብኝ አፌን ከፈትኩ፤ አባትሽ አገሩ ይበርዳል ወይ ይላል ልላት።

"ተይ እማዬ" አለኝ። "እሷኑ ነው የማናግረው።"

ፖስታ ቤቱ ተዘጋ።

"ከዚህ ይሻላል አባዬ" አለችው።

"ትመለሻለሽ?"

"እመለሳለሁ። አንተን ለእማማ ብቻ ትቼ የት እቀራለሁ?"

ሳቁ አመለጠው። ዓይኑንም በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ላቡ ነው ብሎ ይከራከር ይሆናል። "በሉ እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ይከተላችሁ" አለ። የልጅ ልጄ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል አንገቷን ይዞ አስቀራት። ጠበቃው ከመሬት ሆኖ ይሄ ውሳኔ ነው ወይስ ቀጠሮ አለኝ። ውሳኔ ነው፣ ይግባኝ የለውም አልኩት።

ሴትየዋ ራሷ ተነሳች። ባለ ጺሙን ግን እግሩ ደንዝዞ ልጄና ጠበቃው ብብቱን ይዘው አነሱት። ሰውነቱን ለቀቀላቸው፤ ፖሊስ ሲሸከመው ለምዶበታል። ከዚያ ጎረምሳው ተደወለለት፤ ለካ ከታች አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ዝናብ እየመታው ቆሞ ነበር። ሁላችንም ኩሽና ተጠጋግተን፣ ቆመን፣ ከድስቱ እያወጣን በላን። እንደገና ተጯጯሁ፤ አሁን ልጄም አብሮ ይጮሃል። ሳሎን የተመለሰ ሰው የለም።

ሰኞ ጠዋት ደረቴን ነፍቼ ነው የተነሳሁት። ሽማግሌ አሠልጥኜ፣ ልጄን ሳያውቅ ይዤው፣ የልጅ ልጄን ዳርኩ እያልኩ የቤቱን በር ስከፍት፣ ያቺ ባልቴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ደህና አደርሽ አላለችኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም።

"ወንበሮቼን" አለችኝ። "ልጅሽ ዓርብ ዕለት፣ እሁድ ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ እንግዶች ይመጣሉ ብሎ የወሰዳቸውን። መሬት ላይ የምትቀመጡ ከሆነ ወንበር ምን ያደርግላችኋል?"