አብሽና የወንድሜ ሰሃን

ተዘፍዝፎ ያደረ አብሽ ሽታ ታውቃላችሁ አይደል? መራራ ነው፤ ግን ትንሽ ከታገሡት የሚለሰልስ መራራ። ዛሬ ጠዋት ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ያ በረንዳችን እንዳለ መጣብኝ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የአባዬ የእግር ስፌት መኪና ከስር ኪርር ሲል፣ የማሽን ዘይትና የአዲስ ካኪ ሽታ።

ያኔ አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ነው፣ አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። በዚያ ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ወንድሜ ኳስ ሜዳ እንደወጣ በአፈሳ ተይዞ ለውትድርና ተወሰደ። የለበሰው ቁምጣ አባዬ ከደንበኛ ቁርጥራጭ የሰፋለት ነበር፤ አንዱ ኪሱ ካኪ፣ አንዱ ሰማያዊ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰማያዊ ጨርቅ ሲመጣለት አባዬ ለሌላ ሰፊ ይልከዋል።

የአባዬ ሆድም አብሮ ተዘጋ። የበላው አይረጋለትም። ጤና ጣቢያ «ጨጓራ ነው» ብለው ነጭ ሽሮፕ ሰጡት፤ ምንም አልፈየደም። አባዬ በዚያ በጋ የራሱን ሱሪ ሁለት ጊዜ አጠበበ። ሁለተኛውን ሲያጠብብ አየሁት፤ ጠመኔውን ይዞ ወገቡ ላይ ያሰምር ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሊያጠብበው ነው ብዬ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

አንድ ቀን አዴ ምሳ ሰዓት ላይ ደረሱ። አዴ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚባል ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ የሚላቸው፣ አጥር የምንጋራቸው አሮጊት ናቸው።

«በርበሬ ተይለት፣ ቡናም ይቅር» አሉ እማዬን።

«ጅማ ተቀምጬ ቡና ይቅር?» አለ አባዬ። ከስንት ጊዜ በኋላ መቀለዱ ነበር።

«ይቅር! ወላሂ፣ ዛፉ አያለቅስልህም። የገብስ አጥሚት፣ እርጎ፣ ተልባ። ጠዋት ደግሞ አብሽ።» አብሽ አመታቱን ራሳቸው አሳዩን፤ ያደረውን መራራ ውሃ መድፋት፣ አዲስ መጨመር፣ እንደገና መድፋት፣ ከዚያ ተቀምጦ ነጭ አረፋ እስኪሆን መምታት። እማዬ ስትቸኩል እጇን ያዙ። «ቀስ፣ ኢንተላ፣ ቀስ በይ ልጄ። በንዴት የተመታ አብሽ አይነጣም።»

ይህን ብለው ዞር ሲሉ ሰሃኑን አዩት። እማዬ በየቀኑ የወንድሜን ድርሻ አውጥታ፣ በሌላ ሰሃን ከድና፣ እሱ የሚቀመጥበት ቦታ ታኖረው ነበር። መንገደኛ ድርሻው ይቀመጥለታል ብላ። ማንም አይነካውም። በማግስቱ ተበላሽቶ ይደፋል። አባዬ ደግሞ ፊት ለፊቱ ነው የሚቀመጠው።

«ይሄ ነው የሚያመው» አሉ አዴ። «ጨጓራ ዓይን አለው። የልጁን ምግብ ሲበላሽ እያየ የራሱን እንዴት ይፍጭ? አውጡት፣ ለተራበ ይሰጥ።»

እማዬ ብድግ አለች። «በስሙ የሚመጸወተው ለሞተ ነው! ልጄን ሞተ ሊያሰኙት ነው?»

«እኛ ሰደቃ ለሕያውም እናወጣለን፣ ልጄ። መንገዱ እንዲቀናለት።»

እማዬ አብሽ የምትመታበትን ማንኪያ ይዛ ቆመች፣ ቆመች። በማግስቱ ግን ሰሃኑን በጨርቅ አስራ፣ ሳታየኝ፣ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

የወሰድኩት ቡና መጋዘን በር ላይ ላገኘኋት የቡና ፍሬ ለቃሚ ነው። ከሊሙ ገነት ለሥራ የመጣች፣ ሻሿ ላይ የቡና ገለባ የማይጠፋ ሴት። «የማን ነው?» አለችኝ። የወንድሜ ነው፣ ዘማች ነው አልኳት። በልታ ስትጨርስ መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ «ነጋን ሃ ገሉ» አለች፤ በሰላም ይግባ ማለት ነው።

ሮጬ ሄጄ ለአባዬ ነገርኩት። መኪናውን አቆመ። «ቃሏን ድገሚልኝ» አለኝ። አልኩት። አጥሚቱን አነሳና ጠጣ፣ ረጋለትም!

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆነ። ምሳ ሲቀርብ ሬዲዮኑ ይዘጋል፤ የግንባር ወሬ ማንም አያወራም። አባዬ እኔ እስክመለስ ይጠብቃል። «ዛሬስ ምን አለች?» «ነጋን ሃ ገሉ።» «አሜን።» ከዚያ ቀስ እያለ ይበላል።

ዝናቡ ሲገባ አንድ ቀን ሄድኩ፣ መጋዘኑ ተዘግቷል። ለቀማው አልቆ ሴቶቹ ወደየአገራቸው ገብተዋል። ሰሃኑ እጄ ላይ ይሞቃል። ለሌላ ሰው መስጠት አልመጣልኝም፤ ሌላ ሰው ያንን ቃል ባይለውስ? ይዤ ብመለስ ደግሞ አባዬ አይበላም። ከመጋዘኑ ግንብ ኋላ ቁጢጥ ብዬ የወንድሜን ድርሻ በላሁት። የመጨረሻውን ጉርሻ ስጎርስ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። ዞሬ አላየሁም። ቤት ገብቼ «ነጋን ሃ ገሉ አለች» አልኩ።

ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ አደረግሁ። አባዬ ሱሪውን መልሶ አሰፋ። እኔ ግን ሆዴን መያዝ ጀመርኩ፤ ምግብ ባየሁ ቁጥር ኪሱ ሰማያዊ የሆነ ቁምጣ ይታየኛል። ይኸው አሁን አስራ አንደኛ ክፍል ደርሼም አልለቀቀኝም። ወንድሜም አልመጣም። ወረቀትም አልመጣም።

ዛሬ አብሹን የመታልኝ አባዬ ነው። ነጭ፣ አረፋው ከብርጭቆው አፍ የሚተርፍ። ጠጥቼ ሳልጨርስ ነገርኩት። ግንቡን፣ ጉርሻውን፣ ውሸቱን፣ ሁሉንም።

መርፌው ላይ ክር እያስገባ ነበር፣ ቀና አላለም። «ቡና ለቀማ መቼ እንደሚያልቅ ጅማ ውስጥ የማያውቅ ሰው አለ?» አለኝ።

«ታውቅ ነበር?»

«አገጭሽ ላይ ወጥ ነበረ።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ድርሻው አልተደፋም፣ እህቱ በላችው አልኩ። ያን ቀን ነው ሆዴ ደህና አድርጎ የያዘልኝ።»

 ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝኩት። አባዬ እግሩን መርገጫው ላይ አኖረ፤ ግን አልረገጠም።

«ዛሬስ ምን አለች?» አለኝ፣ እንደ ድሮው።

«ነጋን ሃ ገሉ።»

«አሜን» አለ፣ መኪናውም ኪርር ማለት ጀመረ።