አይናዲስ ስለ ሰሊጡ ፊልም የተናገረችው

አይናዲስ የጆንያውን አፍ ሁለት ጊዜ አጥፋ በግራ እጇ ጨብጣለች። በቀኟ ረጅሙን የጆንያ መርፌ ትወጋለች፣ ሲባጎውን ትስባለች፣ ታጠብቃለች። በሁለቱም ጫፍ ትንሽ አስተርፋ እንደ ጆሮ ታስራለች፤ ተሸካሚዎቹ ጆንያውን ወደ ትከሻቸው የሚያነሡት ያንን ጆሮ ይዘው ነው። አንዱን ጨርሳ ወደሚቀጥለው ስታልፍ ቀና አትልም። እጇ እየሠራ አፏ ፊልም ያወራል።

መጋዘኑ ያለው መተማ ዮሐንስ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ሰሊጥ ከእርሻ ሲገባ እኛ ሴቶቹ በወንፊት እንነፋለን፣ ጠጠሩን እንለቅማለን፣ አይናዲስ ትሰፋለች፣ ወንዶቹ ይጭናሉ። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔ በዕድሜ እናቷ እሆናለሁ። አባቷ ከወገራ ወርደው እዚህ ቆላ የቀሩ ገበሬ ነበሩ። ባሏ ከሞተ ቆየ፤ አንዲት ልጇ ሳንጃ አግብታ ትኖራለች። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳዋን በልታ ወደ ሙሐመድጣሂር ፊልም ቤት ትሄዳለች።

ፊልም ቤቱ ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ጣራው ግን እንደ ራኩባ፣ ቆላ ለጥላ እንደሚሠራው ዳስ፣ ሣር የለበሰ ስለሆነ ከውጭው ሙቀት ይሻላል። ወለሉን ውኃ ይረጩታል። ፊት ለፊት ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ፊልሙ በፍላሽ ተጭኖ ከጎንደር በሚመጡ የጭነት መኪና ሹፌሮች ኪስ ይገባል። ስለዚህ አዲስ አበባ አዲስ የሆነው እኛ ዘንድ አዲስ የሚሆነው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

አይናዲስ መሄድ የጀመረች ሰሞን ከወንዶቹ መሃል ብቸኛዋ ሴት እሷ ስለነበረች ሰው አማት። እሷ ደግሞ በማግስቱ ፊልሙን ታማ ጀመር። ሰዉ የእሷን ሐሜት መስማት ስለወደደ የራሱን ተወ።

ስለ ፊልም የምትለውን ብዙ ሰምቻለሁ። ባለፈው ዓመት ከመጡት አንዱ፣ በሕፃንነታቸው የተለያዩ ወንድምና እኅት ሳይተዋወቁ የሚፋቀሩበት ነበር። እኛ ገና ወንበር ስንይዝ እንዳወቅን፣ እነሱ ግን ለማወቅ ሁለት ሰዓት እንደፈጀባቸው ተናገረች። እናትየዋን አንድ ጊዜ ቢጠይቋት ኖሮ ሁላችንም በጊዜ ቤታችን እንገባ ነበር አለች። ስለ አንድ ባለጸጋ ሹፌር በተሠራው ፊልም ደግሞ ሰውዬው በሕይወቱ መኪና ነድቶ እንደማያውቅ፣ መሪውን እንደ ወንፊት እንደሚያወዛውዘው ተናገረች። በር ላይ ተራ የሚጠብቁ የጭነት ሹፌሮች ይህን ሰምተው እውነቷን ነው አሉ። ሆስፒታል ተኝታ በምትሞተው እናት ላይ ግን አልሳቀችም። ከንፈሯ የተቀባውን ቀለም አንድ ሰው እንኳ መጥረግ እንዴት እንዳቃተው ብቻ ጠየቀች።

አንድ የወደደችው ነበር። የትምህርት ቤት ዘበኛ የሆነ ሽማግሌ ተረኛው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር አይሆንም። ሽማግሌው ከሣህኑ ሲቆርስ አቆራረሱ የራበው ሰው አቆራረስ ነው ብላ ሁለት እሁድ አየችው። ቃሏን ሰምተው የገቡት ሠራተኞች ግማሾቹ ተኙ። ሰኞ መጥተው ሲወቅሷት መርፌዋን ሳታቆም መለሰችላቸው።

«የተኛችሁት ስለደከማችሁ ነው። ፊልሙ ምን አደረጋችሁ?»

መለኪያዋ እጅ ነው። ፊትን እንዲያምር ብለው ያስተካክሉታል፤ እጁ ግን ያንን ሥራ ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ እዩት ትላለች።

ቃሏ እንዲህ የሚደመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎጃምና ከወሎ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱት ሠራተኞች ከእርሻ ካምፕ ወደ ከተማ የሚገቡት አልፎ አልፎ ነው። ያቺን አንዲት ከሰዓት በማይረባ ፊልም ማጥፋት አይፈልጉም። ስለዚህ መጀመሪያ በመጋዘኑ በር ብቅ ብለው «እትዬ አይናዲስ፣ እንዴት ነው የሰሞኑ?» ይላሉ። ሙሐመድጣሂርም አንድን ፊልም ለሁለተኛ እሁድ የሚያቆየው ወይም የሚያነሣው የእሷን ወሬ አጣርቶ ነው።

አሰበች የምትባል ወንፊት ነፊ አለች። ከአይናዲስ ጎን ተቀምጣ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ልጇ ይርዳው በዚሁ መጋዘን ጆንያ እየተሸከመ ነው ያደገው። ሃያ ዓመት ሲሞላው ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። አምስት ዓመት ሙሉ ሰዉ ዘዋሪ ሆኖ ቀረ ሲላት፣ እሷ እየተማረ ነው ትል ነበር። ካቻምና ክረምት ደወለላት። ስለኛ ቆላ በሚሠራ ፊልም ውስጥ ትልቅ ቦታ አግኝቷል፤ ለአጨዳ የወረደ ወጣት ሆኖ ይጫወታል። ይህ ከሰመረ ሌላ ሥራ እንደሚጠሩት፣ ካልሰመረ ግን ተመልሶ ጆንያውን እንደሚሸከም ለእናቱ ነገራት። አሰበች የመጀመሪያውን ለሁላችንም አወራች፣ ሁለተኛውን ለእኔና ለአይናዲስ ብቻ።

ባለፈው ኅዳር ፊልሙ ደረሰ። እሁድ ሊታይ ቅዳሜ ዕለት አሰበች ወንፊቷን አስቀምጣ ወደ አይናዲስ ዞረች።

«አይናዲስ፣ ይህንንስ እንደ ሌላው አታብጠልጥይብኝ።»

«ደህና ከሆነ ደህና ነው እላለሁ።»

«ደህና ባይሆንስ?»

አይናዲስ ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰች። «እንግዲያ አሰቡ፣ ያን ጊዜ አትጠይቂኝ።»

እሁድ እኔም አብሬ ሄድኩ። አሰበች ነጠላዋን አጥባ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። ሰሊጡ ተራግፎ ማሽላው ገና የሚቀርበት ጊዜ ስለነበር ቤቱ በሠራተኛ ሞልቷል። ፊልሙ ከሰማይ ሆኖ ሜዳውን ሲያሳይ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። የራሱን አገር በዚያ መስታወት ውስጥ አይቶ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን አልነበረም።

ከዚያ አንዲት ቆንጆ ልጅ እጇን ዘርግታ በቆመ ደረቅ ሰሊጥ መሃል መሮጥ ጀመረች።

ቆላ ላላየ ሰው ልንገር። ሰሊጥ ቆሞ እንዲደርቅ አይተውም። የታችኛው ፍሬ አፉን ሊከፍት ሲል በእርጥቡ ይታጨዳል፣ በነዶ ይታሰራል፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ተደግፎ ይቆማል። ሲደርቅ ነዶው እንደ ሕፃን ቀጥ ተደርጎ ተይዞ ወደ ሸራው ይመጣል፤ እዚያ ብቻ ነው ተገልብጦ የሚራገፈው። የደረቀ ሰሊጥ ልብስ ቢነካው ይረግፋል።

ልጅቱ ስትሮጥ ከኋላ አንድ የጎጃም ሰው ቀስ ብሎ «ኧረ ኩንታሉ አለቀ» አለ። ቤቱ ሳቀ። ወዲያው ይርዳው መጣ። ደረቅ ነዶ በትከሻው ላይ አጋድሟል፣ አፉ ቁልቁል ወደ ጀርባው ተንጠልጥሏል። ያንን ተሸክሞ እየዘፈነ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ወደ ልጅቱ ሄደ።

«ባዶ ነዶ ይዞላት መጣ» አለ ሌላው። «ሙሽሪት ገለባ በላች።»

የማን ልጅ እንደሆነ አንዱ ጠየቀ። የአሰበች ነው ተባለ። አሰበች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አመጣችው። ከዚያ ወዲያ ሳቁ አልበርድ አለ። ይርዳው አባቱ ሞቶ ሲያለቅስ እንኳ ይስቁ ነበር። እኔ ግን ለቅሶውን አይቼዋለሁ፤ ደህና አልቅሷል።

ሰኞ አይናዲስ እስከ ረፋድ ምንም ሳትናገር ሰፋች። አሰበችም አልጠየቀቻትም። የጠየቃት ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነው። አይናዲስ መርፌዋን አቆመች። ስትናገር መርፌ ስታቆም ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ልጁ ማልቀስ ይችላል» አለች። «አባቱን ሲያጣ እጁ የሚያርፍበት ጠፍቶት ነበር፤ ያ እውነት ነው። ግን እዚህ መጋዘን ያደገ ልጅ ነው። ነዶ እንዴት እንደሚያዝ ከማናቸውም በላይ ያውቃል። እያወቀ ዝም አለ። ለካሜራ ብሎ ዝም ካለ ሌላውን እንዴት ልመነው?»

 አሰበች ወንፊቷንና በርጩማዋን ይዛ ተነሣች፣ በሩ አጠገብ ካለው ጥግ ሄዳ ተቀመጠች።

ሙሐመድጣሂር ፊልሙን ሦስት እሁድ አሳየው። የሚገባው ሰው ሊስቅ ነበር የሚገባው። ነዶው ሲመጣ አብረው ይቆጥራሉ፣ ስንት እርምጃ እንደሄደና ስንት ጣሳ እንደረገፈ። በእርሻው ሁሉ ሥራ የማይችል ሰው ባዶ ነዶ ይባል ጀመር። ከሁለተኛው እሁድ በኋላ አይናዲስ ሙሐመድጣሂር ዘንድ ሄዳ ፊልሙን እንዲያነሣው ለመነችው። ከዚያ በፊት ስለ ፊልም ምንም ለምናው አታውቅም። እሱም በትሕትና መለሰላት፤ ሰዉን ያመጣችለት እሷው ራሷ እንደሆነች፣ አሁን አትምጡ ማለት እንደማይችል። በሦስተኛው እሁድ አይናዲስ ፊልም ቤት አልሄደችም። ሠራተኞቹ በታኅሣሥ ማሽላውን አጭደው ወደየአገራቸው ሲመለሱ ባዶ ነዶ የሚለውንም ይዘውት ሄዱ።

በጥር ይርዳው ለእናቱ ደወለ። እኔ አሰበች ቤት ጥጥ እየፈለቀቅሁ ነበር። ስልኩን ስትዘጋ ለብቻዋ መያዝ ስላልቻለች ሁሉን ነገረችኝ። ይርዳው የወጣለትን ስም የሰማው አዲስ አበባ ሕንፃ ሥራ ላይ ካለ ከቆላ ከሄደ የጎጃም ሰው ነው። ሰውዬው አይቶት አንተ ባዶ ነዶ አይደለህም ወይ ብሎታል። ከዚያ ለእናቱ የሆነውን ዘረዘረላት። ፊልሙ የተነሣው እኛ አገር አይደለም። የሚያነሡት ሰዎች ዘግይተው ስለመጡ ሰሊጡ ቆሞ ደርቋል። በመጀመሪያው ቀን ይርዳው ለአዘጋጁ ይህ ስሕተት ነው፣ የኛ ሰው ይስቃል ብሎ ነገረው። አዘጋጁ ምስሉ ያማረው እንዲህ ስለሆነ ነው አለው። ይርዳው አልተወም፤ እስከ ቀትር ድረስ ተከራከረ። በመጨረሻ ወይ ተሸከም ወይ ሌላ ሰው እናምጣ ሲሉት ተሸከመ። ከዚያ ፊልም ወዲህ የጠራው ሰው የለም።

ለአይናዲስ የነገርኳት እኔ ነኝ። አሰበች አትነግራትም ነበር። አይናዲስ ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ እስከ ቀትር ነው ያሉኝ?»

«እስከ ቀትር ነው ልጄ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ሥራ ሲጀምር አይናዲስ ሄዳ አሰበች ፊት ቆመች። ተሸካሚዎቹም፣ እኛም እንድንሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ዝም አለ ያልኩት ሐሰት ነው። ልጁ ተናግሯል። ሳልጠይቅ ፈረድኩበት።»

አሰበች መንፋቷን አላቆመችም።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለቻት። «ለሄዱት ንገሪያቸው።»

 የሄዱት ደጀን፣ ቡሬ፣ ወረኢሉ፣ ደላንታ ገብተዋል። የዘንድሮው ሠራተኛ ለከርሞ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም፤ ስማቸውንም አናውቅም። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ አይናዲስ መንገድ ላይ ያዘችኝ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ቢሆንም ከሁለታችን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ጻፍኩ። ስለ ፊልሙ የምታስበውን እንዳልቀይር ደግሞ አስጠነቀቀችኝ። ፊልሙ መጥፎ ነው። የልጅቱ ሩጫ ውሸት ነው፣ ሠርጉ ይረዝማል፣ አባትየው ከመሞቱ በፊት የሚናገረው ይበዛል። የተሳሳተችው በይርዳው ላይ ብቻ ነው።

አሰበች እስከ ዛሬ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ሁለቱም ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ አያልፉም። ይርዳው ለፋሲካ ይመጣል ይባላል፤ ለመጠየቅ ይሁን ለመቅረት እናቱም አታውቅም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በመንደራችሁ ከቆላ የተመለሰ ሰው ስለ ባዶ ነዶ ሲያወራና ሲስቅ ብትሰሙት ሳቁን አትከልክሉት፤ ነገሩ ያስቃል። ሲጨርስ ግን ልጁ ይርዳው እንደሚባል፣ ነዶውን ከመሸከሙ በፊትም እስከ ቀትር ድረስ ተዉ ብሎ እንደተከራከረ ንገሩልን።