ለትምህርት የተላከችው ትርንጎ ነበረች

ደባርቅ የገባሁት በኅዳር ውርጭ፣ በሸቀጥ ጫኝ መኪና ጋቢና ተቀምጬ ነው። ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነበር። አዋላጅነት ተምሬ ከወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ይልማ የሚባሉ ጤና መኮንን ነበሩ፤ የአገሩ ሰው ግን «ዶክተር» ነበር የሚላቸው። ማዋለጃ ክፍሉን ከፍተው አሳዩኝ፦ አንድ አልጋ፣ የመሣሪያ መቀቀያ፣ መቀስ፣ የእትብት ክር፣ የፅንስ ልብ የሚደመጥበት የእንጨት ቀንድ።

«እዚህ አገር ደህና ወላድ አትመጣም» አሉኝ። «ደህናዋ ቤቷ ትወልዳለች። ወደ አንቺ የምትመጣው ቤት ያቃታት ናት።»

እውነታቸውን ነበር። የዚያኑ ዕለት የመጣችው ሴት ልጇ በመቀመጫው መጣባት። እኔ የማውቀው ቶሎ መሳብን ነበር፤ ሳብኩ። ገላው ወጣ፣ ጭንቅላቱ ቀረ። ሲወጣ ሕይወት አልነበረውም። አቶ ይልማ «የመቀመጫ ልጅ እንዲህ ነው፤ አይዞሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ሆነብኝ።

ትርንጎ የመጣችው ከእኔ በኋላ ነው። የዳባት ልጅ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ሳቂታ። ሥራውን ያለማመድኳት እኔ ነኝ። ቀንዱን ሆድ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ስትጥል የፅንሱን ልብ ከእናቲቱ ትርታ እንዴት እንደምትለይ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ቀጥሎ የሆነውን እንድትረዱልኝ ነው።

በአንዱ ዓመት ጎንደር ላይ ለአዋላጆች ተጨማሪ ትምህርት ተዘጋጀ፤ ከየጤና ጣቢያው አንድ ሰው ይላክ ተባለ። እኔ መሆኔን አልተጠራጠርኩም። ጋውኔን አጥቤ በካውያ ተኩሼ፣ ከጎረቤት ሻንጣ ተውሼ ጠበቅሁ። አቶ ይልማ የትርንጎን ስም ጠሩ።

ቢሯቸው ገባሁ።

«ቀዳሚዋ እኔ አይደለሁም ወይ?»

«ነሽ።»

«ታዲያ?»

«አንቺ ከሄድሽ ማዋለጃውን ማን ይይዘዋል? ትርንጎ ብቻዋን አትችለውም።»

«እንግዲህ ያስቀረኝ መቻሌ ነው?»

መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

ቅናት እንደ ቃር ነው የያዘኝ። ስሠራ እረሳዋለሁ፣ እህል ስቀምስ ይመጣል። በሄደችበት ቀን፣ አሁን ኮሶዬ ደርሳለች፣ አሁን ጎንደር ገብታለች እያልኩ ዋልኩ። ሳፋ ላይ አጎንብሼ ደም የነካውን ጨርቅ ሳጥብ፣ እሷ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ስትጽፍ ትታየኛለች። ስትመለስ ደግሞ ወፍራለች፤ አዲስ ጫማ ተጫምታለች፤ የማላውቀውን ቃል ትናገራለች። ወሬ መቼ ይደበቃል፤ ወላዶቹ እኔን እያዩ «ያቺ ጎንደር ተምራ የመጣችው ትምጣልን» ይሉ ጀመር።

አቶ ይልማ የተማረችውን በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት እንድታስተምረን አዘዙ። ትርንጎ ኮርቻ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ከቆዳ የሴት ዳሌ አሰፋች፤ ከጨርቅ አሻንጉሊት ሠራች። ሌሎቹ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ተቀመጡ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ፣ እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

«የመቀመጫ ልጅ አይሳብም» አለች። «እጃችሁን ሰብስቡ። የምትገፋው እናት ናት። የማጅራቱ ፀጉር እስኪታይ ገላው በራሱ ክብደት ይንጠልጠል። ከተሳበ ክንዱ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ አገጩ ቀና ይላል፣ ጭንቅላቱም ይያዛል።»

«እኔ የመቀመጫ ልጅ አዋልጃለሁ፤ አሻንጉሊት አይደለም» አልኩ።

«ከነዚያ ስንቶቹ አለቀሱ፣ የሺ?»

በክፋት አልጠየቀችኝም፤ ይበልጥ ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ጥያት ወጣሁ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ግን ሰው አለመኖሩን አይቼ አሻንጉሊቱን ከመደርደሪያው አወረድኩ። በቆዳው ዳሌ ደጋግሜ አሳለፍኩት። በእሷ ፊት መለማመዱን ጠላሁ እንጂ መማሩንስ ፈልጌ ነበር።

ክረምት ሲገባ ከሊማሊሞ በታች፣ ከአዲ አርቃይ በኩል፣ ሙሉ የምትባል ወላድ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባታል። መረመርኳት፤ መቀመጫ ነው። እናቷ በሩ ላይ ቆመው «ጎንደር የተማረችውን ጥሩልን፣ በእመቤቴ!» አሉ።

ትርንጎ ተጠርታ መጣችና እጇን አሳየችኝ። አመልካች ጣቷ መግል ቋጥሮ በፋሻ ተጠቅልሏል። በዚያ እጅ ወላድ አይነካም። አቶ ይልማ ደግሞ ለሥራ ዳባት ሄደዋል።

«የምትሠሪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «እኔ አጠገብሽ ነኝ።»

ሙሉ ገፋች። መቀመጫው ወጣ፣ እምብርቱ ታየ። እጆቼ ሳላዛቸው ሄዱ።

«ተዪው» አለች ትርንጎ።

«ይታፈናል!»

«ተዪው፣ የሺ። እሷ ትግፋ።»

እጄን ሰበሰብኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቆሞ እንደማየት የከበደኝ ነገር የለም። ክንዶቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ገላው ተንጠለጠለ። እናቷ ከበሩ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። የማጅራቱ ፀጉር ታየ።

«አሁን!»

ሕፃኑን ክንዴ ላይ አስተኛሁት፤ የአንድ እጄን ጣቶች ጉንጮቹ ላይ፣ ሌላውን እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ። ትርንጎ በደህና እጇ ከሙሉ እምብርት በታች ተጫነች። ጭንቅላቱ ወጣ። ሴት ልጅ ናት። መጀመሪያ ዝም አለች። አፏን ጠረግሁ፣ ጀርባዋን አሸሁ። ከዚያ አለቀሰች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አልናት ሙሉን።

እናቷ እየሮጡ ገብተው የትርንጎን ጉልበት ሳሙ። «አንቺ የተማርሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ!» አሏት። ደሙ እኔን እስከ ክርኔ ነክሮኛል። በዚያች ደቂቃ እንኳ ቀናሁ።

ስንታጠብ ትርንጎ ውሃ እያፈሰሰችልኝ፣ «እኔ እኮ በሰው ላይ አንድም ቀን አልሠራሁትም» አለች። «ጣቴ ደህና ቢሆን ኖሮም አልደፍረውም ነበር። ጎንደርም ስለ ሥራችሁ ተናገሩ ስንባል ያወራሁት ያንቺን ነው። የራሴ ምን ነበረኝ? እንዳንቺ ዓይነት እጅ በኖረኝ እያልኩ ስቀና ነው የከረምኩት።»

«የቀናሁትስ እኔ ነኝ» አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ። ተደግፈሽ ተደግፈሽ ግድግዳውን ልታፈርሺው ነበር።»

ሳቅን። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ያልገባኝንም ጠየቅሁ። የመቀመጫ ልጆች በእጄ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ።

የኔ ተራ ከዓመታት በኋላ ደርሶ ጎንደር ሄድኩ። በዚያው ሰሞን ትርንጎ ለከፍተኛ ትምህርት አዲስ አበባ ተላከች። እንደገና ቀናሁ።

ለእናንተ አሁን በሥራ ላይ ላላችሁ አዋላጆች የምነግራችሁ ይኸው ነው። ባልደረባችሁ ለትምህርት ተመርጣ ስትሄድ ትቀናላችሁ፤ ለዚህ መድኃኒት አላገኘሁም። ስትመለስ ግን የተማረችውን በዚያው ሳምንት ጠይቋት።