የሙሽራው መኪናና የበረዶው ዳገት

የእህቴ ልጅ ትርሲት አውቶማቲክ መኪና ገዝታለች። ባለፈው እሑድ ፍኖተ ሰላም ቤቴ ድረስ ይዛት መጣች። ምሳ በልተን ግብጦ እየቃምን ሳለ ስልኳን አውጥታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ባሕር ማዶ ነው፤ ምድሩ ነጭ ብሏል፤ መኪኖች ዳገት ላይ እንደ ሰከረ ሰው እየተንሸራተቱ ይጋጫሉ።

«ደግነቱ እኛ አገር በረዶ ላይ መንዳት የለም፣ አጎቴ» አለችኝ።

«አለ» አልኳት። «ከቡሬ ወዲህ።»

ሳቀች። ዕድሜዬን በዜና ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ያላየሁትን አላወራም። ያየሁትን ነገርኳት።

ያን ጊዜ በሥራው ገና ጀማሪ ነበርኩ። አብሮ አደጌ ሙሉቀን ሚስት የሚያገባው ከማንኩሳ አልፎ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በሚወጣ የጠጠር ዳገት አናት ላይ ካለ መንደር ነው። እኔ ሚዜው ነኝ። የሙሽሪት አባት አቶ ደሴ በሰዓት የማይደራደሩ ገበሬ ነበሩ። የታላቋን ልጃቸውን ሙሽራ አርፍዶ ቢመጣባቸው «ነገ በጊዜ ና» ብለው ከነአጃቢው ከዳሱ ደጃፍ መልሰውታል። ያ ሰው ልጆች ወልዶም ስሙ «ነገ ና» ሆኖ ቀረ። ለእኛም አስቀድመው ልከውብናል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልደረሳችሁ ድግሱን ራሳችን እንበላዋለን ብለው። ሙሉቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም።

መኪናዋን ያዋሰው አዲስ አበባ ያለ አጎቱ ነው፤ ነጭ የቤት መኪና፣ አውቶማቲክ። እኛ ሰፈር ማርሹን በራሱ የሚቀይር እንዲህ ያለ ካምቢዮ ያየ አልነበረም። የሚነዳልን አያ ታከለ ጭነት መኪና ላይ የኖረ ሹፌር ስለሆነ፣ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ካልረገጠ አይሆንለትም። ማርሹ በራሱ በተቀየረ ቁጥር ያ እግር ይዘላል፤ ፍሪሲዮን ስለሌለ ፍሬኑን ይረግጣል፤ እኛም በግንባራችን ወደፊት እንሄዳለን።

ከፊት የተቀመጡት ሙሉቀንን ዳዊት ያስደገሙት የኔታ አድማሱ ነበሩ። «ታከለ፣ ይቺ መኪና ታስነጥሳለች እንዴ?» አሉ ጥምጥማቸውን እያቃኑ።

«እግሬ ነው የኔታ። ፍሪሲዮን እንደሌለ እሱ ገና አልሰማም።»

ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ፋሲካ አልፏል። ማንኩሳን እስክናልፍ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የታረሰ አፈር ይሸታል። ከዚያ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። በረዶው ሽንብራ እያከለ ጀመረና ወዲያው ባቄላ አከለ። ሲያባራ ምድሩ ጨው የተሰጣበት መስሏል። ከዳገቱ ሥር ደረስን፤ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል። ከላይ ከበሮ ይሰማል።

አያ ታከለ ነዳጅ ሰጠ። መኪናዋን የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በረዶው ላይ በቦታቸው ሾሩ። ካምቢዮው የፈጠነች መስሎት ማርሽ ጨመረ። ማርሹ ሲጨምር ጉልበቷ አነሰ፤ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ደጋገመው፤ ያው ነው።

«ወደ ኋላ ልመለስና ተንደርድሬ ልውጣው» አለ።

«ምን? ሙሽራ ከመንገድ ይመለሳል?» የኔታ ተቆጡ። ባገራችን ሙሽራ ወደ ሚስቱ ቤት ሲሄድ መመለስ ቀርቶ ዘወር ብሎ ማየቱም አይወደድም፤ ትዳሩ ይመለሳል ይባላል።

«ካረፈድንስ የኔታ፣ የሚመለሰው ማን ሊሆን ነው?» አለ ሙሉቀን።

«በእግራችን እንውጣው» አልኩ።

«በዚህ ነጭ ሱሪ? ጭቃ ተቀብቼ ብሄድ ውሻ ነው የሚለቁብኝ!»

እኔ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራተተች፤ ቀስ ብላ ዞረችና አፍንጫዋን ወደ መጣንበት አድርጋ ቆመች።

«ተመለሰ! ሙሽራው ተመለሰ!» የኔታ ጮኹ።

አያ ታከለ ደንግጦ ዳር ለማስያዝ የኋላ ማርሽ አስገባ። መኪናዋም በቂጧ ዳገቱን ትወጣው ጀመር! ማርሹ የሚቀያየር ስላልሆነ ግራ እግሩ እንኳ አልዘለለም። ሮጬ ገባሁ።

«አቁም! ሙሽራ በጀርባው አይገባም!»

«ካቆምኩ አትነሳም የኔታ!»

የኔታ ወደ ሙሉቀን ዞሩ። «በል አንተ ዙር። ወንበሩ ላይ ተንበርከክና በኋላው መስታወት እይ። ፊትህ ወደ ሚስትህ ይሁን፤ መኪናዋ የራሷ ጉዳይ ነው።»

ተንበረከከ። ሚዜ አይለይምና እኔም አጠገቡ ተንበረከክሁ። አሁን ደግሞ ሁለት ጭንቅላት መስታወቱን ስለሸፈነው ሹፌሩ መንገዱ አይታየውም።

«የት ነኝ?» ይላል አያ ታከለ።

«ወደ ዋርካው! ኧረ ከዋርካው ራቅ! ወይፈን አለ፣ ወይፈን!» ይላል ሙሽራው።

ዳሱ ጋ ስንደርስ ዘፈኑ ቀጥ አለ። አቶ ደሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። መኪናዋን አዩ፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፉትን ሁለት ፊቶች አዩ፤ ቀና ብለው ጀንበሯን አዩ።

«ከሩቅ ሳየው የሚሸሽ መስሎኝ ተናድጄ ነበር» አሉ። «እየሸሸ የሚቀርብ ሙሽራ ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ግባ፤ አላረፈድክም።»

ልማዴ ነውና በኋላ መካኒክ ጠየቅሁ። በፊት ጎማ የምትጎተት መኪና አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጋ ስትወጣ ክብደቷ የፊት ጎማዎቹ ላይ ያርፋል አለኝ፤ መሬቱን ይይዙላታል። የኋላ ማርሽ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ካምቢዮው የሚሳሳትበት ነገር የለም። ማርሹ በራሱ እንዳይጨምር የሚያደርግ ቦታ እዚያው የካምቢዮው እጀታ ላይ እንደነበረም ነገረኝ። ይህንን ለአያ ታከለ ባወራለት «እንደ ሰው ወጥተነው ቢሆን ማን ያወራልን ነበር?» ብሎ ሳቀ።

ትርሲት ግን ምስክር ካልሰማሁ አላምንም አለች። ሙሉቀንና ሚስቱ የሽወርቅ ቡሬ ነው የሚኖሩት፤ ትርሲት እንድትሰማ የስልኬን ድምፅ ከፍ አድርጌ ደወልኩና ሙሽራው እንዴት እንደመጣ ጠየቅሁ።

«ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የመጣው» አለች የሽወርቅ። «እስከ ዛሬም ስጠራው እንደዚያው ነው!»

«ፊቴን ነበር!» ሙሉቀን ከጓዳ ጮኸ። «አንተ አለህ አይደል? ንገራቸው እንጂ!»

«መኪናዋ ጀርባዋን፣ ሙሉቀን ፊቱን» አልኩ።

ሁለቱም ተቀየሙኝ። በሥራ ዘመኔም ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ነገሩን በትክክል እንደሆነው ያወራሁ ቀን ያመሰገነኝ ወገን የለም።