ዋርሳዋ ያነሳው እጅ

የልጄ ልጅ እዚሁ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንግሊዝኛ ታጠናለች። ባለፈው ክረምት የመመረቂያ ጽሑፏን ስትሠራ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጥል እኔ ዘንድ እየመጣች ያነበበችውን በወላይትኛ ታጫውተኝ ነበር። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በርና መስኮት ስሠራ ነው። ጆሮዬ ግን ደህና ነው።

ጽሑፉ ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ ስለተሰደዱ ገበሬዎች ነው። እዚያም ሆነው በገዛ ቋንቋቸው ልብ ወለድ ይጽፉ፣ ጋዜጣም ያሳትሙ ነበር አሉ። ከጸሐፊዎቹ መካከል ሴት ትምረጥ ብለው የሚሟገቱ ሴቶች ነበሩ።

"አባባ፣ ላሟን የምታልበው እሷ፣ ማሳው ላይ የምትውለው እሷ። የምርጫ ቀን ግን ጋሪው ላይ ቁጭ ብላ ባሏን ትጠብቃለች" አለችኝ።

"እሱ ይመርጥላታላ።"

"እሷ የምትፈልገውን?"

ጥያቄዋ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

በዚያው ሰሞን ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ባሏ ሞተባት። በእኛ እድር ደንቡ አንድ ቤት አንድ እጅ ነው። ስብሰባ ላይ እጅ የሚያነሳው አባወራው ነው፤ እሱ ከሞተ ደግሞ ወንድሙ። ዋርሳዋ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የሚኖረው ራቅ ያለ ከተማ፣ ገሱባ ነው። እሷ ግን "በባሌ ቦታ እኔው ልግባ" ብላ ጠየቀች። እሁድ ከጸሎት በኋላ ለዚሁ ተሰበሰብን።

"ሴት መቃብር አትቆፍርም፤ ድንኳን አትተክልም" አለ አንዱ።

"የዋርሳዬን አካፋ ያየ ሰው አለ?" አለች ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሃል። "ለለቀስተኛው ሁሉ ውሃ የምቀዳው፣ ንፍሮ የምቀቅለው እኔ ነኝ።"

ሰው ሳቀ። ዋርሳዋ አንገቱን ደፍቶ "የገሱባ መንገድ ጭቃ ነው" አለ።

እኔም ተነሥቼ የሰማሁትን፣ የጋሪዋን ሴት ነገር፣ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። የእድሩ ዳኛ ጥቂት አሰበና፣ "ጋሼ፣ ሰዎቹ ሃይማኖታቸው ምንድን ነው?" አለኝ።

"ፕሮቴስታንት ናቸው ብላኛለች የልጄ ልጅ።"

"ታዲያ የእኛው ናቸዋ!"

"እኛስ?" አለ ባለሱቁ ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን። "እኛ የማን ልንሆን ነው?"

"አንተማ ንፍሮዋን ስትዝቅ የከረምክ ነህ፤ ዝም በል!" አለው አንዱ።

ሳቁ በረድ ሲል ዳኛው "አትግባ የምትሉ" አለ። ከተነሡት እጆች አንዱ የዋርሳዋ ነበር።

"ያ እጅ የማን ቤት ነው?" ሲል ዳኛው ጠየቀው።

"የወንድሜ።"

"የወንድምህ ቤት ሰው ከኋላህ ተቀምጣ የለም እንዴ? ጠይቀሃታል?"

ክፉ ሰው አይደለም። ዘወር ብሎ ሲያያት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። "እቴ፣ የወንድሜ ቦታ እንዳይጠፋ ብዬ እኮ ነው" አላት።

"እኔ እያለሁ ምን ያጠፋዋል?"

እጁን አወረደ። ዳኛውም እንደ አዲስ ጀመረና "ትግባ የምትሉ" አለ። ወደ እሷ ዞሮም "የዚህ ቤት ሰው ምን ትላለች?" ብሎ ጠየቀ። ቀና ብላ እጇን አነሳች። ከዚያ የብዙዎቻችን እጅ ተከተለ።

ስንበተን ዋርሳዋ ወደ መናኸሪያ ሊሮጥ ሲል እጅጌውን ያዘችው።

"ምሳ ሳትበላ?"

"መኪናው ያመልጠኛል።"

"ያምልጥሃ። የወንድምህ ቤት ታድራለህ።"