እየገፉ ይጥሯት

«አንቺን ያሳሰረሽ መሬት አይደለም፣ ምላስሽ ነው» አለኝ መቶ አለቃው። አልዋሸም። ቡሬ ገበያ መሃል ቆሜ ገበሬዎቹን «መሬታችንን አናስለካም በሉ» ስል ነው የያዙኝ። «ምላሴን ግን አላሰራችሁትም» አልኩት። ፍኖተ ሰላም አምጥተው ዘጉብኝ።

ሴቶች የሚታሰሩበት ቤት ቀድሞ የእህል ጎተራ ነበር። መስኮት የለውም። ክረምት ስለነበር የዋንዛ በሩ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ታችኛው ጠርዙ የድንጋዩን ደፍ ነክሶ ይይዛል። አብራኝ የነበረችው አንዲት ነፍሰ ጡር ገበሬ ብቻ ናት። ባሏ ጫካ ስለገባ በሱ ፋንታ አመጧት። ቀኗ ደርሷል ብላ አናቷን ቅቤ ተቀብታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምጧ መጣ። ጮኽኩ። ጠባቂያችን አሥር አለቃ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሽማግሌ፣ ሮጦ አዋላጅ አመጣ። በሩ ግን እምቢ አለ።

በትከሻው ይገፋል። በሩ እየተንቋቋ ትንሽ ይንፏቀቃል። ሴትዮዋ ስታቃስት እሱ መግፋቱን ትቶ ቆቡን ያወልቃል፤ «ማርያም! ማርያም!» ይላል። ተመልሶ ሲገፋ በሩ እንደገና ተቸንክሯል።

«አንተ ሰውዬ፣ ግፋ እንጂ!» አለች አሮጊቷ አዋላጅ።

«እማማ፣ ለምጥ ማርያምን ሳይጠሩ እንዴት ይሆናል?»

ሴትዮዋ እጄን ጨበጠችኝ። ደሟ የተኛችበትን ምንጣፍ አልፎ ነበር። «እዚሁ ልሙት እንዴ?» አለችኝ።

ተማሪ ቤት ሳለሁ የሳይንስ አስተማሪያችን ድንጋይ የጫነበትን ሳጥን በገመድ ያስጎትተን ነበር። መሬቱ ሳጥኑን ይዞ አልለቅ የሚልበትን ኃይል ፍሪክሽን ይለዋል። ሳጥኑን ከቆመበት ማስነሳት ወገብ ይቆርጣል፤ አንዴ ከተነቃነቀ ግን በትንሽ ጉልበት ይሄዳል። ከቆመ እንደገና ወገብ መቁረጥ ነው። እኔ ለፈተና ብቻ ነበር የያዝኩት።

«ጋሼ!» አልኩ በበሩ ስንጥቅ። «የሚከብደው ሲነሳ ነው። ከተነሳ አያቁሙት!»

«ማርያምንስ?»

«እየገፉ ይጥሯት! ትሰማለች!»

አዋላጇ ስትስቅ ሰማሁ። ከሴትዮዋ አናት ቅቤ ዝቄ ደፉን ለቀለቅሁት።

«ቅቤዬን ጨረሽው» አለች፣ በዚያ ሁሉ ምጥ መሃል።

ጣቶቼን በበሩ ሥር ባለች ክፍተት ከትቼ ወደ ላይ ሳብኩ። አሥር አለቃው ገፋ። በሩ ተነቃነቀ። ሴትዮዋ ጮኸች፤ እሱም «ማርያም! ማርያም!» እያለ፣ ሳያቋርጥ፣ ድምፁ ከበሩ ጋር ወደ እኔ መጣ። አዋላጇ በጎን ሾልካ ገባች።

ሳይመሽ ወንድ ልጅ ተወለደ። እናትየው ደሟ ቆመ፣ ዓይኗን ገልጣ ልጇን ጠየቀች። አሁንም ያንን ሳስብ ቀለል ይለኛል። እልል ስንል አሥር አለቃው በወፍራም ድምፁ ከደጅ ተቀበለን።

«ውሃ!» አለች አዋላጇ።

መቶ አለቃው ጩኸቱን ሰምቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ጥግ ያለውን እንስራ አዘልኩ።

«ወዴት?» አለኝ።

«ውሃ ልቀዳ» አልኩና ፈቃዱን ሳልጠብቅ በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ።