ዳንግላ ላይ የተገዘትኩበት ቀን

ከእንጅባራ ዳንግላ ያመጡኝ በጭነት መኪና ነው። የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የኑግ መጋዘን ነበር። የቀርከሃው ግድግዳ በጭቃ ተመርጓል፤ ወለሉ ርጥብ ነው። አረቄ በማውጣት የተያዘች አንዲት የአገው ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እሜቴ፣ የሚኒስትር እናት መሆንዎን ቁንጫው አልሰማም፤ ይታገሡት» አለችኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት አልሳቅሁም።

ልጄ መሐንዲስ ነበር። የመንገዳችንን ድልድዮች ያሠራው እሱ ነው። ሕዝቡ ወዶት ለምክር ቤት መረጠው፤ ቆይቶም ሚኒስትር ተባለ። በሹመቱ በሁለተኛው ዓመት፣ መንግሥት ሊገለብጡ ነበር ከተባሉት ጋር ስሙ ተነሣና ሸሸ። የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ ጥሊሊ አጠገብ፣ ወንድሜ ቤት። የተያዙት እንደሚሰቀሉም ሰምቻለሁ።

መቶ አለቃው አልመታኝም። በየማለዳው ልጅሽ የት ነው ይለኛል። መዋሸት ስለምፈራ ዝም እላለሁ። በስድስተኛው ቀን የንስሐ አባቴን ይዞ መጣ። ሽማግሌ ናቸው፤ መስቀላቸውን ይዘዋል።

«ይገዝቷት፤ ይቺ ዱላ አትፈራም፣ ግዝት ትፈራለች» አላቸው።

እውነቱን ነው። የተገዘተ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ አይቆርብም፤ እንደተገዘተ ቢሞት ፍትሐት የለውም። አባቴ ቀና ብለው አላዩኝም። እምቢ ቢሉ እሳቸውም እዚያው ይቀራሉ።

ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ መስቀሉን ተሳለምኩ።

«አባቴ፣ ይገዝቱኝ። አልቀየምዎትም» አልኳቸው።

«ልጅሽ የተሸሸገበትን እስክትናገሪ ድረስ የተገዘትሽ ሁኚ» አሉ።

መቶ አለቃው እንድናገር ጠበቀ። በበሩ ሥር የገባችው የፀሐይ ጮራ ከክፍሉ እስክትወጣ ጠበቀ። እኔም አልተቀመጥኩም።

«ክርስቲያን መስለሽኝ ነበር» አለኝና ሄደ።

ከወር በኋላ ፈቱኝ። ልጄ ያኔ ወደ ሱዳን ተሻግሯል፤ ብናገር ግን የሸሸገውን ወንድሜን ይይዙት ነበር። ሦስት ዓመት ቅዳሴውን ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁ። ጎረቤት ምን አጥፍታ ይሆን ይል ነበር። ልጄ ምሕረት ተደርጎለት አገሩ በገባ ማግሥት የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«የጠየቁኝን ልናገር መጣሁ። ወንድሜ ቤት ነበር» አልኳቸው።

አልቅሰው ከግዝቱ ፈቱኝ።

ልጄ አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። ሹመቱ አልተመለሰለትም፤ መንገድ መለካቱን ግን አልተወም። እንግዳ ሲመጣ ስለ ድልድዮቹ ያወራል፤ ስለ ሚኒስትርነቱ እምብዛም። ያን ሦስት ዓመት ለምን እንዳልቆረብኩ አያውቅም፤ አልነገርኩትም። እሁድ እሁድ ክንዴን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያደርሰኛል። ደጁን ከማለፋችን በፊት ጥቂት ቆም ብዬ ተመስገን እላለሁ። ደክሟት ነው ብሎ ይጠብቀኛል።